ከ120 ወደ 80፦ ቀስ ያለ ሙዚቃን በጭፈራ መሃል ማስገባት

(ጅማ ከተማ ውስጥ ለወጣት ዲጄዎች ከቀረበ ንግግር ለንባብ የተዘጋጀ)

እንደምን ዋላችሁ። ለመጣችሁ ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው፤ በተለይ ከአጋሮና ከሊሙ ድረስ ለተጓዛችሁት።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ቤቱ ሞቆ፣ ሰው ሁሉ ተነስቶ በሚጨፍርበት ሰዓት አንድ ቀስ ያለ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ከፍቶ ሰውን ሳይበትኑ ማቆየት ይቻላል ወይ? ይቻላል። የሚሞክረው ግን ጥቂት ነው። ላውንጅ የሚሠራው ልጅ ቀስ ያለውን ሁሉ ገና ሰው ሳይገባ ይጨርሰዋል። ሠርግ የሚሠራው ለእራት ሰዓት ብቻ ይተወዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት በሙሉ በአንድ ፍጥነት ይነጉዳል። አንድ በአንድ ሰው መቀመጥ ሲጀምር ዲጄው ይደነግጥና የበለጠ ፈጣን ዘፈን ይፈልጋል። የደከመን ሰው በፍጥነት ላይ ፍጥነት ጨምሮ ማስነሳት አይቻልም። ሰውነት ትንፋሽ ይፈልጋል፤ ትንፋሹን የሚሰጠው ደግሞ ያው ዲጄው ነው።

አጥብቄ የምለው ይህንን ነው፦ ቀስ ያለውን ዘፈን ለማስገባት ማፍጠን አያስፈልግም። ፈጣኑ ውስጥ ቀስ ያለ ምት ተደብቋል፤ ሥራችን እሱን ፈልጎ ማውጣት ነው። እኛ አገር ያደገ ጆሮ ደግሞ ይህን ምት ከልጅነቱ ያውቀዋል።

በቁጥሩ እንጀምር። ሃውስ የሚባለው የጭፈራ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ118 እስከ 128 ምት ይሄዳል። የደቡብ አፍሪካው አማፒያኖ 112 አካባቢ ነው። አፍሮቢትስ ከ100 እስከ 110 ይገኛል። ዳውንቴምፖ የሚባለው ቀስ ያለ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቤተሰብ ሰፊ ነው፤ ከ60 ተነስቶ 100ን ትንሽ እስከማለፍ ይደርሳል። እንግዲህ በ122 ከሚሄድ ሃውስ ወደ 80 ስንወርድ ልዩነቱ 42 ምት ነው። ከፈጣኑ አንድ ሦስተኛውን ጣልን ማለት ነው።

ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ፌደሩን፣ ማለትም ፍጥነት የሚቀይረውን ተንሸራታች መቆጣጠሪያ፣ መግፋት ነው። ቴክኒክስ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ኤስኤል 1200 ማርክ 2 የሸክላ ማጫወቻ ለዲጄ ሥራ መለኪያ ሆኖ ለዓመታት ቆይቷል። የእሱ ፒች (የፍጥነት ማስተካከያው) ወደ ላይም ወደ ታችም 8 በመቶ ብቻ ነው የሚሄደው። በዚያች 8 በመቶ ውስጥ ስንት ታላላቅ ዲጄዎች ሠርተዋል! ዛሬ እጃችን ላይ ያሉት ኮንትሮለሮች (ከላፕቶፕ ጋር የሚሠሩ የዲጄ መቆጣጠሪያዎች) ከዚያ እጅግ የሰፋ ይፈቅዳሉ፤ የሚፈቅዱትን ሁሉ መጠቀም ግን ዘፈኑን ይጎዳል። ዘፈን 6 በመቶ ሲፈጥን ድምፁ በአንድ ሴሚቶን (ፒያኖ ላይ ካንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ባለው ርቀት) ይወጣል። ከ100 ወደ 120 ብትገፉት ከሦስት ሴሚቶን በላይ ይወጣል፤ የጎልማሳው ዘፋኝ ድምፅ የልጅ ድምፅ ይሆናል። ኪ ሎክ የሚባለውን ቁልፍ ስትጫኑ ቅላጼው ባለበት ይቆያል። ሶፍትዌሩ ይህን የሚሠራው ግን ድምፁን በትናንሹ እየቆራረጠና እየደረበ ስለሆነ የከበሮው ጫፍ ይደበዝዛል፣ ረጅሙ ኖታ ይርገበገባል። የዳውንቴምፖ ሀብቱ ደግሞ ይኸው ነው፦ ረጅም ኖታ፣ በሁለት ምት መሃል ያለ ባዶ ቦታ፣ ቀስ ብሎ የሚሞት ማስተጋባት። አፍጥናችሁ እነዚህን ካጠፋችሁ ለምን መረጣችሁት?

ሁለተኛው መንገድ እጥፍ ነው። በ61 የሚሄድ ዘፈን በ122 ላይ ልክ ይቀመጣል፤ በ87 የሚሄደውም በ174 ከሚሄድ ድራም ኤንድ ቤዝ ጋር። ይህንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ችግሩ በ60 አካባቢ የሚሄድ ሙዚቃ ብዙም አለመገኘቱ ነው፤ ድራም ኤንድ ቤዝም እዚህ የሚጠይቃችሁ ሰው ጥቂት ነው። እንለፈው።

ሦስተኛው መንገድ ላይ ነው ዛሬ መቆየት የምፈልገው። እስቲ ሁላችሁም እጃችሁን ጠረጴዛው ላይ አድርጉ። ከአንድ እስከ ስድስት እኩል እኩል ቁጠሩ፤ ስድስት ስትደርሱ ሳታቆሙ ወደ አንድ ተመለሱ። በግራ እጃችሁ አንድ ላይና አራት ላይ ምቱ። ጥሩ። አሁን ግራውን ተዉትና በቀኝ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት ላይ ምቱ። አሁን ሁለቱንም አንድ ላይ።

(አዳራሹ አብሮ መታ።)

ሰማችሁት? ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራችሁም። ችክችካ የምንለው፣ ስንቱ የአማርኛ ዘፈን የሚሄድበት ምት፣ በዚህ በስድስት ቆጠራ ላይ የቆመ ነው። ትከሻችሁ አንዱን ይከተላል፣ ጭብጨባችሁ ሌላውን፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ግራ እጃችሁ ሁለት ጊዜ ሲመታ ቀኛችሁ ሦስት ጊዜ ይመታል። ግራው በደቂቃ 80 ከሆነ ቀኙ 120 ነው። ፍጥነቱን የሚሸከሙት ያው ስድስቱ ትናንሽ ምቶች ናቸው፤ የሚለወጠው የትኞቹን እንደምታጎሉ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከ120 ወደ 80 ስትወርዱ ፍሬን የሚያዝበት ቦታ የለም። ሰው ቀኝ እጁን ሲከተል ቆይቶ ግራ እጁን መከተል ይጀምራል።

ሥራው እንዲህ ነው። በ120 የሚሄድ ሃውስ አለኝ እንበል፤ አንዱ ባር፣ ማለትም አራት ምት፣ 2 ሰከንድ ይፈጃል። በ80 የሚሄድ ቀስ ያለ ዘፈን አለኝ፤ የእሱ አንድ ባር 3 ሰከንድ ነው። ሦስት የሃውስ ባር ሁለት የቀስታው ባር ይሆናል፤ 24 የሃውስ ባር ከ16 የቀስታው ባር ጋር እኩል 48 ሰከንድ ነው። ሃውሱ አዲስ ክፍል በሚጀምርበት በአንደኛው ምት ላይ ቀስ ያለውን ብትለቁት ከ48 ሰከንድ በኋላ ሁለቱም በአንድነት አንደኛው ምት ላይ ይወድቃሉ። ዘፈናችሁ 122 ከሆነ በስልካችሁ ካልኩሌተር በ2 አባዙትና ለ3 አካፍሉት፤ 81.3 ይመጣል። ቀስ ያለው ዘፈን 79 ቢሆን 3 በመቶ ያህል ብቻ ትገፉታላችሁ። ያቺ አሮጌ ቴክኒክስ እንኳ ትችለዋለች። አማፒያኖ ላይ ከሆናችሁ ከ112 ወደ 75 ገደማ ይወርዳል፤ በ105 የሚሄድ አፍሮቢትስ ላይ ከሆናችሁ ወደ 70።

ሲንክ የሚባለውን፣ የሁለት ዘፈን ፍጥነት ራሱ የሚያገጥመውን ቁልፍ አጥፉት። አብዛኛው ሶፍትዌር የሚያውቀው እኩልንና እጥፍን ነው፤ ሦስት በሁለት ብላችሁ ብታስቡ እሱ አያስብላችሁም፤ ቀስ ያለውን ዘፈን ጎትቶ ወደ ራሱ ቁጥር ያመጣዋል። በፌደርና በጆሮ ሥሩት። ሶፍትዌሩ የሚጽፍላችሁን ቢፒኤምም (የደቂቃ ምት ቁጥር) ሳታጣሩ አትመኑ። በስድስት የሚቆጠር የአገራችንን ዘፈን አንዴ 80፣ አንዴ 120፣ አንዴ 160 ብሎ ሊያነበው ይችላል። ድሮ በቀጥታ በባንድ የተቀዳ ከሆነ ደግሞ ከበሮ መቺው ሰው ነውና እየሞቀው ሲሄድ ይፈጥናል፤ አንድ ቋሚ ቁጥር የለውም። እንዲህ ያለውን ዘፈን ቤታችሁ ሆናችሁ በእጃችሁ እየመታችሁ ምልክት አድርጉበት።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ቀስ ያለው ዘፈን በስድስት የሚቆጠር ካልሆነ፣ ማለትም እያንዳንዱ ምት ለሁለትና ለአራት የሚከፈል ከሆነ፣ ከሃውሱ ጋር ሲደረብ ትናንሾቹ ምቶች ይጋጫሉ። የውጭው ዳውንቴምፖ አብዛኛው እንዲህ ነው። የዚህ መፍትሔው መሃል ላይ ድልድይ ማድረግ ነው። እኔ የምጠቀመው የከበሮና የጭብጨባ ሉፕ (እየተደጋገመ የሚሄድ አጭር ቅጂ) ነው፤ ሌላ ምንም የሌለበት፣ በስድስት የሚሄድ። ሉፑን በሃውሱ ላይ ቀስ አድርጌ አስገባዋለሁ። መጀመሪያ ሰው የሚሰማው 120ውን ነው፤ ጭብጨባው ከሃውሱ ኪክ (ወፍራሙ የከበሮ ምት) ጋር ይገጥማል። ከዚያ የሃውሱን ቤዝ (ወፍራሙን ድምፅ) አወጣለሁ፣ ቀጥሎ ራሱን ሃውሱን። ሉፑ ብቻውን ሲቀር ሰው ሳያስበው በትከሻው ወደ 80 ይሻገራል። ያኔ ቀስ ያለው ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ በር ተከፍቶለት ይገባል። ሉፑን ራሳችሁ ቅዱት። ከበሮ የሚመታ ጎረቤት የሌለው ሰው ጅማ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

አሁን ከድልድዩ በፊት ስላለው መንገድ። ከአዲስ አበባ ወደዚህ ስትመጡ ከወልቂጤ በኋላ የጊቤ ቁልቁለት አለ። ጥሩ ሹፌር ማርሽ የሚቀንሰው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው፤ መሃሉ ላይ ሆኖ ፍሬን የሚረግጥ ሰው ተሳፋሪውን ሁሉ ወደፊት ያንገጫግጨዋል። ቀስ ያለው ዘፈን ከመግባቱ በፊት ያሉት አራት አምስት ዘፈኖች ማርሽ የሚቀነስባቸው ናቸው። ከ126 ላይ ከሆናችሁ በየዘፈኑ 2 ምት ቀንሱ፤ 118 ስትደርሱ ማንም አይነቃም። ከፍጥነቱ የበለጠ የሚሠራው ግን የምቱ ጥግግት ነው። በ90 እየሄደ ሃይሃቱ (ቀጭኑ የሲምባል ድምፅ) የሚንጫጫ ዘፈን፣ በ110 ከሚሄድና ባዶ ቦታ ካለው ዘፈን ይልቅ ፈጣን ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ ቁጥሩን ትታችሁ ውስጡን እዩ፤ መጀመሪያ ጭብጨባው የበዛበትን፣ ቀጥሎ ሳሳ ያለውን፣ ቀጥሎ ቤዝና ኪክ ብቻ የቀረውን አሰልፉ። ድምፃዊ ያለበትን አስቀድማችሁ፣ ድምፃዊ የሌለበትን በኋላ። ሰው አብሮ የሚዘፍነው ነገር ካለቀ በኋላ ጆሮው ለድምፅ ለራሱ ይከፈታል።

እጃችሁ ሚክሰር ላይ ሲሆን ሁለት ነገር ብቻ ጠብቁ። አንደኛ፣ ሁለት ቤዝ በአንድ ጊዜ አይጫወትም። በፈጣኑ ይህንን ሁሉም ያውቃል፤ በቀስታው ግን የበለጠ ያስፈልጋል፤ የዳውንቴምፖ ቤዝ ረጅም ነው፣ ሁለት ሦስት ምት ተኝቶ ይቆያል። ከሃውሱ አጭር ቤዝ ጋር ከተደራረበ ስፒከሩ ይጉረመርማል፤ የሚለይ ነገር አይኖርም። የአዲሱን ቤዝ ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁ አስገቡት፣ የአሮጌውን በአንደኛው ምት ላይ አውጡና የአዲሱን በዚያው ቅጽበት ክፈቱት። ሁለተኛ፣ ቀስ ያለ ሙዚቃ ብዙ ጊዜ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ ነው የተቀዳው፤ ጸጥታውና ጩኸቱ እንዲለይ ተብሎ። በሄድፎን አስቀድማችሁ ስሙና ጌይኑን (የመግቢያ ድምፅ መጠኑን) አስተካክሉ። ሰው የሚበተነው ብዙ ጊዜ በፍጥነቱ መቀነስ ሳይሆን በድምፁ መቀነስ ነው። ፍጥነቱ ወርዶ ድምፁ ሞልቶ ከቀጠለ ሰው ባለበት ይቆማል። መለኪያው ቀይ ውስጥ ግን አይግባ።

ስለ ቤቱም ላንሳ። ክረምት ላይ ጅማ ዝናቡ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ብዙዎቹ የምንሠራባቸው አዳራሾች ደግሞ ቆርቆሮ ናቸው። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚሸፍነው መሃለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ ነው። ከበሮ የሌለው፣ በቀጭን ድምፅ ቀስ ብሎ የሚጀምር መግቢያ ያን ጊዜ አይሰማም፤ ሰው ሙዚቃው የጠፋ ይመስለዋል። እንዲህ ባለ ቀን መግቢያውን ዝለሉት፤ ቤዙ ከሚገባበት ቦታ ጀምሩ። ወፍራሙ ድምፅ ዝናቡን አልፎ ይደርሳል።

ስለ ቅኝት ደግሞ ማለት ያለብኝ አለ፤ ምክንያቱም ብዙ ልጆች ሶፍትዌሩ የሚጽፈውን የቁልፍ (ዘፈኑ የቆመበት የኖታ ስኬል) ምልክት ብቻ እያዩ ነው የሚያጋጥሙት። ያ አሠራር የተዘጋጀው ለ24 ቁልፎች ነው፤ 12 ሜጀር፣ 12 ማይነር። ትዝታ ሜጀር በዚያ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል። አምባሰልን ግን ውሰዱ። ከሲ የተነሳ አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። እነዚህ አምስቱ ኖታዎች ሁሉም ኤፍ ማይነር ውስጥ ስላሉ ሶፍትዌሩ ኤፍ ማይነር ብሎ ሊጽፍላችሁ ይችላል። ዘፈኑ የሚያርፈው ግን ሲ ላይ ነው። ምልክቱን አምናችሁ ቤዙ ኤፍ ላይ የሚተኛ ዳውንቴምፖ ብትደርቡበት ኖታዎቹ አይጋጩም፤ ዘፈኑ ግን ቤቱን ይለቃል፤ አምባሰልነቱ ይጠፋል። አንቺሆዬ ደግሞ ከነጭራሹ ለዚያ ሰንጠረዥ አይመችም። ክራርና ማሲንቆ ካለበት የክሩ ቅኝት ራሱ ከፒያኖው ልክ ትንሽ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ለአገራችን ዜማ የምትደርቡት ቀስ ያለ ሙዚቃ መግቢያው ላይ ከበሮ ብቻ፣ ወይም አንድ ኖታ ብቻ ይዞ የሚቆም ቢሆን ይሻላል። ያ አንድ ኖታ ዘፈኑ የሚያርፍበት ኖታ ይሁን። ይህን የሚነግራችሁ ጆሯችሁ ነው፤ አብራችሁ ብታንጎራጉሩ ይገኛል።

ለንደን ውስጥ ሄቨን በሚባለው ክለብ እ.ኤ.አ. በ1989 ዋናው አዳራሽ በፈጣን ሙዚቃ ሲናወጥ ጎን ባለ ክፍል ውስጥ ለደከመው ሰው ቀስ ያለ፣ ከበሮው የጠፋ ሙዚቃ ይጫወት ነበር። የማረፊያ ክፍል ልማድ ከዚያ ወዲህ በብዙ ክለቦች ተስፋፋ። እኛ ዘንድ ሁለተኛ ክፍል የለም። አንድ አዳራሽ ነው፤ ጨፋሪውም፣ የተቀመጠው አዛውንትም፣ አስተናጋጁም እዚያው ናቸው። ስለዚህ ያንን ክፍል በሰዓቱ ውስጥ ነው መሥራት ያለብን። ከምሽቱ ላይ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ደቂቃ ትቆርጡና የማረፊያ ክፍል ታደርጉታላችሁ። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ሰው እንደ ስህተት ይቆጥረዋል፤ አንድ ቀስ ያለ ዘፈን ብቻውን ገብቶ ሲወጣ አደጋ ይመስላል፤ ሦስት ሲሆኑ ሐሳብ ይሆናሉ።

«ለዚህ የሚሆን ሙዚቃ ከየት እናምጣ፤ የውጭው ለሕዝባችን እንግዳ ነው» የሚሉኝ አሉ። ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ ጅማ ነው። ከብሪታንያና ከቦስተን ትምህርታቸው በኋላ አምስት ድምፅ ያለውን ቅኝታችንን ከጃዝና ከላቲን ምት ጋር አዋህደው ኢትዮ ጃዝን አቆሙ፤ ቫይብራፎናቸው ያለበትን ቀስ ያለ ሙዚቃ የዓለም ዲጄዎች እያነሱ ይጠቀሙበታል። ኃይሉ መርጊያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ ብቻቸውን ስቱዲዮ ገብተው አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር ቀዱ። ያ ቅጂ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው። ድራም ማሽን፣ ሲንተሳይዘር፣ ቀስታ፣ የራሳችን ዜማ፤ ዳውንቴምፖ ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? ከነዚህ ሁለቱ ጀምራችሁ ወደ ውጭው ብትሻገሩ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

ጊዜ ስለሄደ ከጥያቄዎቹ ሁለቱን ልመልስ።

አንዲት እህት «ጋሼ፣ እንደዚያም አድርጌ ሰው ከተቀመጠብኝስ?» ብላለች። እህቴ፣ ጥቂቱ ይቀመጥ። የምታይው የተቀመጠውን ብዛት አይሁን፤ የተቀመጠው ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ እይ። ጭንቅላቱ የሚወዛወዝ፣ ጣቱ ጠረጴዛ የሚመታ ከሆነ ካንቺ ጋር ነው። ስልኩን ካወጣ ግን ሁለተኛውን ቀስ ያለ ዘፈን አታስጨርሺው፤ ጥሩ የሆነውን ክፍል አሰሚና ቀጥዪ። ሠርግ ከሆነ ደግሞ ያን ሃያ ደቂቃ ኬክ ከተቆረሰ በኋላ አድርጊው፤ ሰው ያኔ ራሱ ማውራት ይፈልጋል፤ እናቶችና አባቶችም የሚነጋገሩት እንዲሰማቸው መሃለኛውን ድምፅ ትንሽ ቀንሺላቸው።

ሌላው ጥያቄ «ከ80 እንዴት ነው ተመልሰን የምንወጣው?» የሚል ነው። መውጣቱ ከመውረዱ ይፈጥናል፤ አራት አምስት ዘፈን አያስፈልገውም። ያው የከበሮ ሉፕ ይመለሳል፤ በ80 ላይ ይገባል፤ ቀጥሎ ጭብጨባውን ብቻ ከፍ አድርጉት፤ ቀኝ እጅ ነው፣ 120 ነው። ሰው ማጨብጨብ ሲጀምር ቀስ ያለውን ዘፈን በኤኮ (በማስተጋባት) አውጡትና የሃውሱን ኪክ በአንደኛው ምት ላይ ልቀቁት። ሌላም መንገድ አለ፤ ሦስት ለአራት። በ84 የሚሄድ ዘፈን በ4 ተባዝቶ ለ3 ሲካፈል 112 ይሆናል፤ አማፒያኖ ነው። ይህኛው ግን ጆሮን ትንሽ ይከብዳል፤ ሁለቱን ደርባችሁ አታቆዩ፤ በኤኮው ጭራ ላይ ቆርጣችሁ ግቡ። ላፕቶፕና ኮንትሮለር የያዛችሁ ወደፊት ቅረቡ፤ ሉፑን በፍላሽ ይዤዋለሁ፤ አሁኑኑ እንሞክረው።